ዝንጅብሉ አረረ

መቶ አለቃ ሽብሩ ጋቢውን ከሬሳው ፊት ላይ ገለጥ ሲያደርግ መጀመሪያ ያየው ዓይናቸውን ነበር። አቶ ቃሲም ሀንዳሞን ሆሳዕና ላይ የማያውቅ የለም፤ ከሾኔና ከዱራሜ እህል እያስጫኑ አዲስ አበባ የሚልኩ፣ ሲስቁ ሳቃቸው ከገበያው ማዶ የሚሰማ ሰው ነበሩ። አሁን የዓይናቸው ብሌን ከልክ በላይ ሰፍቶ ጣሪያው ላይ ፈጧል። ከንፈራቸው ውሃ ካየ የሰነበተ ይመስል ተሰነጣጥቋል። ጀናዛ አጣቢዎቹ በር ላይ ቆመው ፖሊሱ እስኪጨርስ ይጠብቃሉ፤ ትዕግሥታቸው እያለቀ መሆኑን ጉሮሯቸውን በመጠራረግ ያስታውቃሉ።

«ጨርሻለሁ» አለና ወጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አቶ ቃሲም ከጁምዓ ሶላት ተመልሰው ምሳ ቀረቡ። ቆጮ፣ ጎመን በቅቤ፣ ከጎኑ ዳጣ። ቀይ የበርበሬ እሸት ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከበሶብላ ጋር እርጥቡን ወፍጮ ላይ ተፈጭቶ የሚሠራው ዳጣ በዚያ አገር ከማዕድ አይጠፋም። ለቤተሰቡ በትልቅ ጣባ ይቀርባል፤ ለአባወራው ደግሞ ለብቻው ትንሽ ጣባ አለችው። ሁለቱም ጣባዎች የተሞሉት ከአንድ ወፍጮ በወጣ ዳጣ ነበር፤ የፈጨችውም ሁለተኛዋ ሚስት፣ ወጣቷ ዘምዘም ናት። ከትልቁ ጣባ የበላ ሁሉ ደህና ነው። አቶ ቃሲም ግን በልተው ብዙም ሳይቆዩ ምላሳቸው ደረቀ፤ ውሃ ሲሰጧቸው መዋጥ አቃታቸው። ከዚያ የማይታይ ክር ከአየር ላይ መልቀም፣ ከሌለ ሰው ጋር ማውራት ጀመሩ። የክሊኒኩ ድሬሰር ቦርሳውን ይዞ ሲደርስ ልባቸው ቆማለች።

ከተማው ፍርዱን ለመስጠት ድሬሰሩ ቦርሳውን እስኪዘጋ እንኳ አልጠበቀም። ዘምዘም ልጅ ናት፣ ቆንጆ ናት፣ ከሾኔ መጥታ የሰው ትዳር ላይ ተደርባለች፤ ለወሬ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

ሻምበል ኃይለመለኮትም ከወሬው ብዙ አልራቁም። ከጃንሆይ ፎቶግራፍ ሥር ተቀምጠው፣ ልጅቱ እሁድ በሚነሳው አውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ እንድትላክ፣ ሕፃኑም እዚሁ ከዘመድ ጋር እንዲቀር አዘዙ።

«ሕፃኑ እኮ ገና ጡት ይጠባል፣ ጌታዬ።»

«ሆሳዕና ላም ጠፋ?» አሉና ወረቀታቸውን ወደ ማገላበጥ ተመለሱ።

ሽብሩ ሰላምታ ሰጥቶ ወጣ። አለቃውን መጥላት ሥራው ስላልሆነ ቢሮው ገብቶ ከሟቹ ቤት ጠቅልሎ ያመጣትን ትንሿን ጣባ ፈታ። በውስጧ የቀረችውን ዳጣ ነጭ ሰሐን ላይ ገልብጦ ውሃ አፈሰሰባት፤ ቀዩ እየታጠበ ሲሄድ ከሥር ደቃቃ ፍሬዎች ቀሩ። የሁሉም መልክ አንድ ነው፤ ጠቆር ያሉ፣ የባቄላ ቅርጽ ያላቸው። ያስጠራው ድሬሰር አንዱን በጥፍሩ ገልበጥ አድርጎ አየና አልተጠራጠረም።

«አስተናግር ነው። በየአጥሩ ሥር የሚበቅለው፣ እሾሃም ኳስ የሚያፈራው። ሰው ሲበላው ያስለፈልፈዋል፤ ሲበዛ ይገድለዋል።»

«አንዱም አልተፈጨም» አለ ሽብሩ።

«ወፍጮ አልነካውም። ከተፈጨ በኋላ ነው የተቀላቀለ።»

ሽብሩ ሰሐኑን ደጋግሞ አዞረ። ያስቸገረው በሰሐኑ ላይ ያየው ሳይሆን፣ ሊኖር ሲገባው ያጣው ነገር ነበር።

ዘምዘም በጣቢያው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ሕፃኑን ታጠባለች። ሽብሩን ያስገረመው ጣቶቿ ነበሩ፤ አንድ በአንድ በጨርቅ ተጠቅልለዋል።

«ጣትሽን ምን ሆነሽ ነው?»

«በርበሬ ነው። ልጄን እንዳላቃጥለው ብዬ ነው።»

«ሴቱ ሁሉ በየሳምንቱ ዳጣ ይፈጫል። ጣቱን ጠቅልሎ ሲሄድ ግን አላየሁም።»

ልጅቱ አንገቷን ደፋች። የሰው ቃል እንዳለባት ብቻ ተናገረች። ስለ ምሳው ሲጠይቃት ግን አልሸሸገችም። ባሏ የመጀመሪያውን ጉርሻ ዋጥ አድርገው፣ «ዛሬ ደግሞ ፍሬው ተመለሰ እንዴ?» ብለዋታል። የሚቀልዱ መስሏት ሳቀች። እሳቸውም ሳቁና ቅር እንዳይላት አጥብቀው በሉላት።

«ቅር እንዳይለኝ ብለው ነው የበሉት» አለች እንደገና፣ ለራሷ ያህል። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች።

ሽብሩ ወደ አቶ ቃሲም ቤት ተመልሶ የሟቹን ታናሽ ወንድም አህመድን ከጭነት መኪናው አጠገብ አገኘው። አህመድ ሾፌር ነው፤ ዘምዘምን ሾኔ ገበያ መጀመሪያ ያያት፣ ሽማግሌ እንዲላክለት ለወንድሙ የነገረውም እሱ ነው። ሽማግሌው ተላከ፤ የተላከው ግን ለታላቅየው ሆነ። ይህን ከተማው ሁሉ ስለሚያውቅ አህመድም አልካደም።

«ቀንቼ ነበር። አሁንም እሷ ስታልፍ አንገቴን አዞራለሁ» አለ። «ግን ወንድሜ ነው። እንጀራዬም፣ ቤቴም እሱ ነበር።»

«ዛሬ ጓዳ ገብተህ ነበር?»

«ለሶላት ውሃ ልቀዳ ገብቻለሁ። ያልገባ የለም። ጣባዋ ኮባ ተከድና ቆጡ ላይ ነበረች።»

«የዘምዘም ዳጣ እንዴት ነው?»

አህመድ በሐዘኑ መሀል ፈገግ አለ። «ስትመጣ እሳት ነበር፤ ከነፍሬው ነበር የምትፈጨው። ሰሞኑን ግን ልስልስ ብሏል። ትናንት እንኳ ‹ዳጣሽ ጥርሱ ረገፈ› ብዬ አሾፍኩባት።»

ሽብሩ ወንድሙ ሲሞቱ ምን እንዳሉ ጠየቀው። አህመድ ደግፎ ይዟቸው ነበር። የሚሉት ትርጉም አልነበረውም፤ እንደ ሕፃን ሆነው በሀዲይኛ አንድ ነገር ይደጋግሙ ነበር። «እህታችንን እየጠራ ‹ሰፊያ፣ ዝንጅብሉ አረረ፣ አውጪው› ነው የሚለው። ቤት ውስጥ ግን የሚያርር ዝንጅብል አልነበረም።»

የመጀመሪያዋ ሚስት ከድጃ በሐዘንተኞች መሀል ተቀምጣ እጇን በነጠላዋ ሸፍናለች። ወደ ጓሮ ጠርቶ አነጋገራት። ዛሬ ጓዳ እንዳልገባች፣ ከጣውንቷ ሥራ እንደማትደርስ ነገረችው።

«እጅዎን ያሳዩኝ» አላት።

አመነታችና ዘረጋች። ጣቶቿ ቅቤ ተቀብተዋል፤ የጥፍሯ ሥር ቀልቶ አብጧል።

«በርበሬ ወፍጮ ላይ የሚፈጭ ሰው መጁን ነው የሚይዘው። ጥፍር ሥር የሚገባው በርበሬውን እየሰነጠቁ ፍሬውን በጣት ሲያወጡ ነው። ወይዘሮ ከድጃ፣ ለማን ነው ፍሬ ሲያወጡ ያረፈዱት?»

ከድጃ ወደ ቤቱ ዞር ብላ ሰሚ አለመኖሩን አየች።

«ቀንቼባት ነበር» አለች። «ወላሂ ቀንቼባት ነበር። የመጣች ለት ጓዳ ገብቼ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ አልቅሻለሁ። እሱ እሷን ደስ ይበላት ብሎ ያንን ከነፍሬው የተፈጨ ዳጣ ይበላና ማታ ማታ ጨጓራው እየነደደ ሲገላበጥ እሰማለሁ። ይበለው አልኩ መጀመሪያ። ኋላ አልቻልኩም። ጠርቼ አሳየኋት። ፍሬውን አውጪ፣ ዝንጅብሉን ልጠሽ ከመፍጨትሽ በፊት ረመጥ ውስጥ ቅበሪው አልኳት። የኔ እጅ አልታዘዘልኝም ነበር፤ ሠርቼው ሠርቼው ትቼዋለሁ። የሷ እጅ ግን ያዘው። ከዚያ ወዲህ አብረን ነው የምንሠራው፣ በር ዘግተን።»

«ለምን በር ዘግታችሁ?»

«ጣውንት ከጣውንቷ ጋር ቁጭ ብላ በርበሬ ስትሰነጥቅ ቢያዩኝ ምን ይሉኛል? ማንም እንዳያውቅ ብዬ አስምያታለሁ። እትዬ ሰፊያ ጎረቤት ሲሄዱ ጠብቀን ነው የምንሠራው።»

የቀሩት እትዬ ሰፊያ ነበሩ፤ የሟቹ ታላቅ እህት። ባላቸው ከሞተባቸው ጀምሮ እዚሁ ቤት ይኖራሉ። ሽብሩ ሲገባ ቁርበት ላይ ተቀምጠው ጥቁር ልብስ ይሰፉ ነበር። ቀና ሳይሉ መርፌና ክር ዘረጉለት።

«እስቲ አግባልኝ ልጄ። ዓይኔ ደክሟል፣ የልጅ ዓይን እለምናለሁ።»

ክሩን አግብቶ ሰጣቸው። ስለ ወንድማቸው ሲናገሩ ድምፃቸው አልተሰበረም። እናታቸው ስትሞት ቃሲም ገና ድክ ድክ የሚል ነበር፤ አዝለው አሳደጉት፣ አኝከው አጎረሱት። የዚህ ቤት ዳጣም ዘምዘም ከሾኔ ወፍጮዋን አሸክማ እስክትመጣ ድረስ ከእሳቸው እጅ ነበር። አሁን ለራሳቸው ብቻ በትንሽ ማሰሮ ያዘጋጃሉ።

«እንግዳ በተሰበሰበበት ነው የተናገረው» አሉ። «‹እንደ ዘምዘም እጅ የለም› አለ። እኔ እዚያው በር ላይ ተቀምጬ።»

«የሷን ቀምሰውት ያውቃሉ?»

«እኔ? አስነክቼውም አላውቅ። ፍሬው ጥርስ ላይ የሚንቋቋ ነገር! ዛሬም እንደዚያው ነበር፤ ፍሬው ተዝረክርኮበት በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ። በዚያ ነው የገደለችው።»

ሽብሩ ሐዘኑን አላህ እንዲያቀልላቸው ተመኝቶ ተነሳ።

በማግስቱ ቁርስ ላይ ዳቦውን እናቱ ከሰላሌ በላኩለት በርበሬ ጠቅሶ ሲበላ ሚስቱ እታለም ፊቷን አዞረች። የአማቷ የበርበሬ ዕቃ ከመደርደሪያው ላይ በወረደ ቁጥር እንዲሁ ታደርጋለች።

«እኔ እንጃ፣ የእናትህ በርበሬ ኮረሪማ ይበዛበታል» አለች።

«ቀምሰሽው ታውቂያለሽ?»

«ምን ሊያስቀምሰኝ!»

እናቱ ወይዘሮ ወለተሥላሴ ኮረሪማ በበርበሬያቸው ውስጥ አስገብተው አያውቁም፤ አባቱ ሽታውን አይወዱም ነበር። ሽብሩ ዳቦውን አስቀመጠ። ሚስቱ ያልቀመሰችውን በርበሬ ጉድለቱን በልቧ ፈጥራ፣ ፈጥራም አምናው እየኖረች ነበር። ቆቡን አንስቶ ሲወጣ ምን እንዳስከፋው ለመጠየቅ እስከ በር ተከተለችው፤ እሱ ግን ይልቁንም ግንባሯን ስሟት ሄደ።

ከቀብር በኋላ ሁሉም በትልቁ ቤት ተሰበሰቡ። ሻምበል ኃይለመለኮት ወንበር ተሰጥቷቸው በመሰልቸት ሰዓታቸውን ያያሉ። ዘምዘም ሕፃኑን አቅፋ በሁለት ፖሊሶች መሀል ቆማለች፤ ጠዋት በሽብሩ ልመና ከጣቢያ ወጥታ፣ በፖሊስ ፊት አንድ ጣባ ዳጣ ፈጭታ ነበር። ያቺ ጣባ ኮባ ተከድና ሽብሩ እግር ሥር ተቀምጣለች።

ሽብሩ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አቶ ቃሲም የሞቱት በአስተናግር ፍሬ ነው። ፍሬው ከትንሿ ጣባ ተገኝቷል። አንዱም ስላልተፈጨ፣ የተቀላቀለው ዳጣው ከተፈጨ በኋላ ነው። ጣባዋ ቆጥ ላይ ነበረች፤ አራታችሁም ጓዳ ገብታችኋል። እስከዚህ ድረስ አንዳችሁ ከአንዳችሁ አትለዩም።»

«ፈጪዋማ እሷ ናት» አሉ ሻምበሉ።

«ናት። ግን ጌታዬ፣ ዳጣውን አጥቤ ሳየው አንድ ነገር አጣሁ። የበርበሬ ፍሬ የለውም። አንድም! ዘምዘም የምትታወቀው ከነፍሬው በመፍጨት ነበር። አሁን ትታዋለች፤ የተቃጠሉት ጣቶቿ ምስክር ናቸው።» ከዚያ ወደ ከድጃ ዞረ። «ያስተዋት ማን እንደሆነ ራሷ ብትናገር ይሻላል።»

ከድጃ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች። ሐዘንተኛው ሁሉ እያያት፣ ከጣውንቷ ጋር በር ዘግታ በርበሬ ስትሰነጥቅ እንደከረመች ተናገረች። የአንዳንዱ አፍ ተከፈተ። እሷ ግን ሄዳ ዘምዘም አጠገብ ቆመች፣ ሕፃኑንም ተቀበለቻት።

«እንግዲህ አስቡት» አለ ሽብሩ። «አስተናግሩን የጨመረው ሰው ፍሬውን አልፈጨውም። ለምን? በበርበሬ ፍሬ መሀል ይደበቅልኛል ብሎ ነው። ዳጣው ፍሬ የሌለው መሆኑን ቢያውቅ ኖሮ ፈጭቶ ይጨምረው ነበር። ስለዚህ ገዳዩ የዘምዘም ዳጣ መለወጡን አያውቅም። ዘምዘም ታውቃለች፤ ራሷ ናት የምትፈጨው። ወይዘሮ ከድጃ ያውቃሉ፤ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። አህመድ ያውቃል፤ በወንድሙ ሞት ዋዜማ ‹ጥርሱ ረገፈ› ብሎ አሹፏል። ከዚህ ማዕድ የቀመሰ ሁሉ ያውቃል። የማያውቀው ያልቀመሰው ብቻ ነው።»

እትዬ ሰፊያ መርፌያቸውን ልብሱ ላይ ሰኩ።

«እርስዎ ትናንት ፍሬውን በዓይኔ አይቻለሁ አሉኝ። መርፌ ውስጥ ክር ያስገባሁልዎ እኔ ነኝ፤ ከጓዳ ጨለማ ውስጥ የበርበሬ ፍሬ የሚለይ ዓይን የለዎትም። ያላዩትን አየሁ ያሉት፣ እንዲያ ነው ብለው በልብዎ ስለወሰኑ ነው።»

«እኔ ወንድሜን ልገድል?» አሉ ሰፊያ። ድምፃቸው አሁን ተሰበረ። «በጀርባዬ ያሳደግሁትን?»

«ሊገድሉት እንዳልነበረ አምናለሁ።»

ሰፊያ ለሽብሩ ሳይሆን ለአህመድ ነገሩት። ልጆች ሆነው ከብት ሲጠብቁ አስተናግር የቀመሰ ልጅ ሲለፈልፍ ይውልና በማግስቱ ይነሳ ነበር። ቃሲምም ይታመማል፣ ይነሳል፣ የልጅቱን እጅ ይፈራል ብለው አሰቡ። ከዚያ ወደ እሳቸው ማሰሮ ይመለሳል። ሌላ ምንም አልፈለጉም። ዓይናቸው ስለማይለይላቸው በእፍኛቸው ዘገኑ፤ እፍኙም በዛ።

«ያቺ ልጅ ትወሰዳለች ብዬ አላሰብኩም» አሉ። «ስትወሰድ ግን፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።»

ሽብሩ ጎንበስ ብሎ ኮባውን ገለጠ። ጣባዋን ከቆጮ ጋር ፊታቸው አቀረበ። ይህን ማድረጉ ለምርመራው አያስፈልግም ነበር፤ ሲያስበው አድሮ ሊተወው አልቻለም እንጂ።

«ወንድምዎ ሲሞት ‹ሰፊያ፣ ዝንጅብሉ አረረ› ይል ነበር። ይቅመሱት።»

ሰፊያ ቆጮውን ቆርሰው ጠቀሱ። አላመጡ። ከዚያ ማላመጣቸውን አቆሙ፤ እጃቸው ጣባው ላይ እንዳለ ቀረ።

«ይሄ የኔ ነው» አሉ። «ዝንጅብሉ ረመጥ ገብቷል። ማነው ከማሰሮዬ የወሰደው?»

«የዘምዘም ነው» አለ ሽብሩ።

ከድጃ ሕፃኑን እንዳቀፈች ቀረብ ብላ ተንበረከከች። «ሙሽራ ሆኜ ስመጣ ያሳዩኝ ነው፣ እትዬ። እኔ አልሆነልኝም። ለሷ አሳየኋት፣ ሆነላት።»

«እንግዳ በተሰበሰበ ለት የበላው...»

«ይሄንኑ ነው።»

ሰፊያ ጣባውን አዩት። ያንን ቀን በር ላይ ተቀምጠው የሰሙት፣ እንቅልፍ የነሳቸው፣ አጥር ሥር ያወረዳቸው ምስጋና የገዛ እጃቸው ምስጋና ነበር። ማንም ሊያጽናናቸው አልደፈረም። ሻምበል ኃይለመለኮት ተነስተው ለዘምዘም የተጻፈውን የመላኪያ ወረቀት ከኪሳቸው አወጡና አጣጥፈው መልሰው ከተቱት።

ፖሊሶቹ ደግፈው ሲያስነሷቸው አልተቃወሙም። በር ላይ ሲደርሱ ግን ቆሙ። ዘምዘም ከድጃ ጎን ቆማ ልጇን እየተቀበለች ነበር፤ አሮጊቷ በደከመ ዓይናቸው ፊቷን ፈለጉት።

«ዝንጅብሉን ቶሎ ታወጪዋለሽ» አሉ። «ጥቂት ይቆይ። ልጣጩ ሲሸበሸብ ነው።»

«እሺ፣ እትዬ» አለች ዘምዘም፣ ሳታስበው።